ተወላጅና ሙሽራ

ባለፈው ወር ቀሚስ ላሳጥር ዱባይ፣ ሳትዋ ሰፈር ሄጄ ነበር። ልብስ ሰፊው «ግማሽ ሰዓት ብቻ» አለኝ። የሳትዋ ግማሽ ሰዓት ስንት ሰዓት እንደሆነ ስለማውቅ አልተከራከርኩም፤ ወጥቼ ከጀርባ ባለው መንገድ ወዲያ ወዲህ ማለት ጀመርኩ። ሁለት ጋራዦች አልፌ አንዲት ጠባብ የብስክሌት መጠገኛ ፊት ስደርስ እግሬ ቆመ። ሰውየው ከጎማ ውስጥ ያወጣውን ላስቲክ ውሃ በሞላ ሳፋ ውስጥ እያዞረ አረፋ የሚወጣበትን ቦታ ይፈልጋል። አጠገቡ ክዳኑ የተከፈተ የማስቲሽ ቆርቆሮ ተቀምጧል። ማስቲሽ፣ ላስቲክ፣ ያረጀ ዘይት፣ ትንሽ ላብ። የአብዬ ሸሚዝ እንዲህ ነበር የሚሸተው። ሰውየው ቀና ብሎ «የስ ማዳም፣ ሳይክል?» አለኝ። «የለም» ብዬ እንደ ሌባ ከዚያ ሄድኩ።

ቀሚሱን ሳልወስድ ነው ወደ ቤት የተመለስኩት። እዚያ ሱቅ ፊት ትንሽ ብቆይ አለቅስ ነበር፤ በሠላሳ ዓመቴ ደግሞ ሳትዋ መሃል ለማስቲሽ ማልቀስ አልፈልግም።

አብዬ አያሌው የአባቴ ታላቅ ወንድም ነበር። አባታቸው ቀድሞ ስለሞተ አባቴን ያሳደገው እሱ ነው፤ ባሕር ዳር፣ ከአንድ ዋርካ ሥር በዘረጋት የብስክሌት መጠገኛ። አባቴ ዲግሪውን ይዞ እዚህ አገር ሥራ ካገኘ በኋላ ወንድሙን አስመጣው። አብዬ ሳትዋ ውስጥ በአንድ የብስክሌት ሱቅ ብዙ ዓመት ሠራ። የሚኖረው ከእኛ ጋር ሻርጃ ነበር፤ የሳሎናችን ግማሽ በመጋረጃ ተከልሎ የእሱ ክፍል ሆኖ ነበር። ከመጋረጃው ወዲያ አንድ አልጋ፣ አንድ የማርያም ሥዕል፣ ሰባት የብስኩት ቆርቆሮ ሙሉ ብሎን። ከመጋረጃው ወዲህ የእኛ ሶፋ፣ ቴሌቪዥናችንና የአባቴ ጊታር። እኛ ጴንጤዎች ነን፤ አብዬ ግን እስኪሞት ኦርቶዶክስ ነበር። «እናንተ እግዜርን ደንቆሮ አደረጋችሁት እኮ» ይል ነበር ስንዘምር። አባቴ ይስቃል፤ መልስ አይሰጠውም። «ጋሼ» ለሚለው ታላቅ ወንድሙ መልስ አይሰጥም ነበር።

እኔ አሥራ አንድ ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ ብርዱ ሲገባ፣ አብዬ ከሳትዋ ወደ አጅማን ሥራ ከቀየረ ጥቂት ወራት ሆኖት ነበር። ብርድ ስል የሻርጃን ብርድ ነው፤ ኤሲ የሚጠፋበትና እናቴ መስኮት የምትከፍትበት ማለቴ ነው። አዲሱ አሠሪው ባባ ጁማ የሚባሉ የአገሬው ሽማግሌ ነበሩ። በልጅነታቸው ብስክሌት አምሯቸው ሳያገኙ ያደጉ ሰው ናቸው አሉ፤ ከሸመገሉ በኋላ ከየአገሩ አሮጌ ብስክሌት ማስመጣት ጀመሩና አርባ ደረሰላቸው። አንድ ቀን በእጃቸው አንድ የብስክሌት መብራት ይዘው ሳትዋ መጡ። ሦስት ነጋዴ «አስሊ ነው፣ ከፋብሪካ ከብስክሌቱ ጋር የወጣ ነው» ብሎ የማለላቸውን መብራት አብዬ በጣቱ ዳሰሰና «ኋላ የተገጠመ ነው» አላቸው። ለምን እንደሆነም አሳያቸው። በሳምንቱ ቪዛውን ወደ ራሳቸው አዛወሩት።

ሥራው ይህ ነበር። ባባ ጁማ ከግቢያቸው ጀርባ አንድ አዳራሽ አሠርተው ብስክሌቶቹን ደርድረዋል። ከረመዳን በፊት አዳራሹን ለእንግዳ ሊከፍቱት አስበዋል። አብዬ እያንዳንዱን ብስክሌት መርምሮ የትኛው ዕቃ ከፋብሪካ አብሮት እንደመጣ፣ የትኛው ኋላ እንደተቀየረ ይለያል፤ ይህም በነጭ ካርድ ተጽፎ በክር መሪው ላይ ይንጠለጠላል። አብዬ ከፋብሪካ የመጣውን «ተወላጅ» ይለዋል፤ ኋላ የገባውን «ሙሽራ»። «ይቺ ፔዳል ሙሽራ ናት፤ ግን ሙሽራ መሆን ነውር አይደለም፤ ቤት ካላፈረሰች ትኑር» ይላል። እኔ ልጅ ስለሆንኩ ሙሽሮቹ ያሳዝኑኝ ነበር። በሰው ቤት ገብተው የሚታወቅባቸው ይመስለኛል። ስለዚህ ማንም ሳያይ እነሱን አስበልጬ እወለውላቸው ነበር።

ያኔ እረፍት ዓርብና ቅዳሜ ነበር። ዓርብ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ጠዋት ደግሞ አባቴ ዱባይ ኢንቨስትመንት ፓርክ ወዳለው መጋዘኑ ከመሄዱ በፊት እኔንና አብዬን አጅማን ያደርሰናል። ለሰው የተነገረው «ልጅቷ ብስክሌት ስለምትወድ» ነው። እውነቱ ሌላ ነበር፤ እውነቱን የምናውቀው ሦስት ሰዎች ብቻ ነን።

መጀመሪያ ያወቅሁት በስህተት ነው። አብዬ ጠዋት ጠዋት መጋረጃውን ሳይዘጋ ቀና ብሎ ይቀመጥና ከዚያ ጉንጩ እርጥብ ሆኖ አገኘዋለሁ። እኔ በወጣትነቷ ለሞተችው ሚስቱ የሚያለቅስ መስሎኝ እግሬን እየሰበሰብኩ አልፍ ነበር። አንድ ቀን ግን ብሎን ልመልስ ቆርቆሮ ስከፍት ከኩሽኔታ ኳሶቹ መሃል ትንሽ የጠብታ ጠርሙስ አገኘሁ። የዘይት ጠርሙስ ነው ብዬ የእናቴን የስፌት መኪና ልቀባበት ስል አብዬ ደረሰብኝ። አልተቆጣም። አልጋው ላይ አስቀመጠኝና ነገረኝ።

ግላኮማ ነው አለኝ። ሐኪሙ «ዓይንህ ውስጥ ግፊት በዝቷል» ብሎታል። ግራው ጨልሟል፤ ቀኙም ከዳር ከዳር እየጠበበ ነው። እኔ ግፊት የማውቀው የጎማ ነው።

«ታዲያ ትንሽ ለምን አያስተነፍሱልህም?» አልኩት።

እስኪያስለው ሳቀ። «የሰው ዓይን ቫልቭ የለውማ፣ ፌቨንዬ» አለኝ። ከዚያ ሳቁን አቁሞ «ይህ ነገር በሆድሽ ይቅር። ባባ ጁማ ከሰሙ ኸላስ፣ አበቃ፤ ሹግል የለም፣ ሥራ የለም፣ ቪዛ የለም። አባትሽ ያውቃል፣ አንቺ ታውቂያለሽ፤ በቃ» አለኝ። ለእናቴ እንኳ አልተነገራትም፤ ዱባይ ማሪና ሆቴል ውስጥ የጽዳት ተቆጣጣሪ ነበረችና ድካሟ ይበቃታል ተባለ። እኔ በሆዴ ምስጢር ሲቀመጥ ያ የመጀመሪያው ነው። ትልቅ ሰው የሆንኩ መሰለኝ።

አሁን ሳስበው አብዬ ለሥራው ዓይን ብዙም አያስፈልገውም ነበር። ጣቱ ይበቃው ነበር። የብሎኑን ጥርስ በጥፍሩ ጫፍ እየቆጠረ የእንግሊዝ ነው የጣሊያን ይላል። መፍቻውን አስገብቶ ግማሽ ዙር ብቻ ያዞርና «አልተዋወቁም» ይላል፤ ብሎኑና ዳዶው ከአንድ ፋብሪካ አይደሉም ማለቱ ነው። ማሰሪያ ሲፈታ ከሥሩ ያለውን ቀለም ይዳስሳል። ዕቃው ተወላጅ ከሆነ ከሥሩ ያለው ቀለም ልክ በእሱ ቅርጽ ሳያረጅ ይቆያል፤ ሙሽራ ከሆነ ግን የፊተኛው ዕቃ ጠርዝ ከጎን ይወጣል። ብረቱን በጥፍሩ ይመታና ያዳምጣል። ያቃተው ሁለት ነገር ብቻ ነው። አንደኛው የተመታ ቁጥር ማንበብ ነው፤ በተለይ የኋላ ጎማ እምብርት ላይ ዓመቱን የሚናገሩትን ጥቃቅን ቁጥሮች። ሁለተኛው የቀለም ልዩነት ነው፤ ኒኬል ወደ ቢጫ፣ ክሮም ወደ ሰማያዊ የሚወስደውን።

እነዚህ ሁለቱ የእኔ ሆኑ። ስስ ወረቀት ቁጥሩ ላይ አስደግፌ በእርሳስ አሻሸዋለሁ፤ ቁጥሩ ነጭ ሆኖ ወረቀቱ ላይ ይወጣል። አብዬ እየነገረኝ ካርዱን በእንግሊዝኛ የምጽፈውም እኔ ነበርኩ። የሚያስቆጣው አንድ ነገር ነው፦ «ይመስለኛል» ማለት።

«ምን ይላል?»

«ሰባት ይመስለኛል።»

«ይመስለኛልን ለጎረቤት ንገሪያት። እዚህ ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ ሙሉውን ነው የምትነግሪኝ። ያላወቅሽውን አላወቅሁም በይ።»

አንድ ጊዜ ሦስትን ስምንት ብዬ ካርዱን አሰርኩት። አብዬ በሚቀጥለው ሳምንት መጥቶ ያንኑ ብስክሌት በጣቱ ሲያልፍበት ቆመ። «ይህ እምብርት በዚያ ዓመት አልተሠራም፤ ቅባት መጨመሪያው ቀዳዳ ገና ከነክዳኑ ነው። ድገሚ» አለኝ። ደገምኩ፤ ሦስት ነው። ዓይን ያለኝ እኔ ነኝ፤ የማይሳሳተው ግን እሱ ነበር። ባባ ጁማ አንዳንዴ ዱላቸውን እየደገፉ ይመጡና ከኋላችን ቆመው ያያሉ። «አስሊ?» ይላሉ። አብዬ ራሱን ወደ ቀኝ ዘንበል አድርጎ ይመልሳል። የኩራት ይመስላቸው ነበር፤ በቀረው ዓይኑ እየፈለጋቸው ነው።

እንዲህ እያልን ሠላሳ አንድ ደረስን። ዘጠኝ ቀረ።

ከዚያ እኔ ጉንፋን ያዘኝ። ቅዳሜ ጠዋት ትኩሳቱ ስላላስነሳኝ አብዬ ብቻውን ሄደ። ከቀትር በኋላ ሲመለስ እኔ አልጋዬ ላይ ነበርኩ፤ የክፍሌ በር ተከፍቷል። ወጥ ቤት ገብቶ ከአባቴ ጋር ሲያወራ እያንዳንዱን ቃል ሰማሁ።

«እንግዶች ነበሩ» አለ አብዬ። «ባባ ጁማ አንዱን ጥቁር ብስክሌት አሳይልኝ አሉኝ። መብራቱን ነካሁት፤ ቆርቆሮው ተወላጅ ነው፤ ተወላጅ ነው አልኩ። ለካ ፊቱ ላይ የገባው መስታወት አዲስ ፕላስቲክ ነው፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እንኳ አልተላጠም። ሁሉም ሳቁ። የቀለድኩ መሰላቸው።»

«ጋሼ፣ ምናለ ብንነግራቸው? ደግ ሰው ናቸው» አለ አባቴ።

«ደግ ናቸው። ግን ዓይን የሌለው ሰው የጻፈውን ማን ያምነዋል? ዘጠኝ ነው የቀረው፣ ደምሴ። እነዚህን ዘጠኙን ልጨርስ። ዕድሜዬን ሙሉ የሰው ጎማ ስለጥፍ ኖሬ የማውቀውን ነገር አንድ ሰው የጠየቀኝ አሁን ነው። ከዚያ በኋላ እንደፈለገው ይጨልም።»

አብዬ ሲያለቅስ ያኔ በእርግጥ ሰማሁት። ጠብታ አልነበረም።

ያን ሳምንት ሙሉ ስለዚህ ነገር አሰብኩ። ልጅ ያቦካው ለራት አይበቃም ይባላል፤ እኔ ግን ያቦካሁት ለስንት ሰው ተረፈ።

ቤተ ክርስቲያናችን የራሱ ቦታ የለውም፤ በሰዓት የምንከራየው አዳራሽ ነበር። ትልልቆቹ ታላቁ አዳራሽ ውስጥ ሲያመልኩ እኛ ልጆች ከጎን ባለች ክፍል እንማራለን። ዓርብ ዓርብ አስተማሪያችን ቁራጭ ወረቀት ታድለንና የጸሎት ርዕሳችንን ጽፈን ቅርጫት ውስጥ እንጨምራለን። ሌላው ልጅ ስለ ፈተና፣ ስለ ታናሽ ወንድም፣ አንዱ ጉድ ደግሞ በየሳምንቱ ስለ ፕሌይስቴሽን ይጽፋል። አስተማሪያችን ሁልጊዜ «ለጌታ በዝርዝር ንገሩት» ትለን ነበር። በዝርዝር መጻፍ ደግሞ ማን ይችልበታል? እኔ ነኛ። ምን እንደሆነ፣ የት እንደሆነ፣ የማን እንደሆነ። «ይመስለኛል» የሚል ቃል ሳላስገባ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ፦

«ለአብዬ አያሌው ዓይን ጸልዩ። ግላኮማ ነው። ግራው አያይም፤ ቀኙ መሃሉን ብቻ ያያል። አጅማን ባባ ጁማ ቤት የብስክሌቶቹን ቁጥር ማንበብ ስለማይችል እኔ ነኝ የማነብለት። ባባ ጁማ አያውቁም። ዘጠኝ ብስክሌት ቀርቶታል። እስከ ረመዳን ዓይኑ ይብራለት።»

ለሰው የተናገርኩ አልመሰለኝም። ለእግዚአብሔር ነው የጻፍኩት፤ እግዚአብሔር ደግሞ ምስጢር ያውቃል።

ልጆች በመጨረሻ ወደ ታላቁ አዳራሽ እንገባለን። ስንገባ የአምልኮ መሪው ማይክሮፎን ይዞ ከአስተማሪያችን የተቀበለውን ቁራጭ ወረቀት ያነባል። «ቅዱሳን፣ ዛሬ ከአንዲት ልጅ የመጣ የጸሎት ርዕስ ልቤን ነክቶታል» አለና የእኔን ቃላት አንድ በአንድ አነበባቸው። ስሜን አልጠራም፤ አብዬን ግን ጠራው፤ አጅማንን ጠራ፤ ባባ ጁማን ጠራ። አዳራሹ በአንድ ድምፅ «አሜን! ጌታ ሆይ!» አለ። እጆች ተነሡ። ሰው እንባውን እያፈሰሰ ለአብዬ ጸለየ። በሕይወቴ እንዲያ ኮርቼ አላውቅም። ቆሜ አባቴን ፈለግሁት። ሦስተኛው ረድፍ ላይ ብቻውን ነበር፤ እናቴ ያን ቀን ሥራ ገብታለች። እጁን ግማሽ ድረስ አንሥቶ እዚያው አየር ላይ ቀርቶበታል።

ከሁሉ አብልጣ ያለቀሰችው እህት ጥሩነሽ ናት። እህት ጥሩነሽ የባባ ጁማ ቤት ምግብ አብሳይ ነበረች፤ ቅዳሜ ቅዳሜ አብዬን ሻይ የምታጠጣው እሷ ነች።

መኪና ውስጥ ገብተን በሩን ስንዘጋ አባቴ ቁልፉን አላዞረም። «አንቺ ነሽ የጻፍሽው?» አለኝ።

«አዎ። ሁሉም አሜን አሉ፣ ሰማህ?»

ግንባሩን መሪው ላይ ደገፈ። ቀና ሲል ፊቱ የአብዬን ፊት መሰለ። «ለአብዬ እንዳትነግሪው። ለማንም እንዳትነግሪ። እኔ አስተካክለዋለሁ» አለኝ። እህት ጥሩነሽን ሊፈልጋት ወረደ፤ የምትሄድበት አውቶቡስ ሄዷል። ከቀትር በኋላ ስልኳን ደጋግሞ ሞከረ፤ ሥራ ላይ ስትሆን ስልኳ ይዘጋል። እሷ ለካ ያን ሰዓት ምድጃ ፊት ቆማ ለማዳሟ እየነገረቻት ነበር። በክፋት አይደለም። «ማዳም፣ ምስኪኑ ሽማግሌ ዓይኑ እየጠፋ ነው፤ ባባ ጥሩ ሐኪም ቢያሳዩት» ብላ ነው። ማዳሟም በክፋት አይደለም ለባሏ ለባባ ጁማ የነገረችው። ካንዱ አፍ ወደ ሌላው አፍ የሄደው ሁሉ በርኅራኄ ነው የሄደው።

በማግስቱ ቅዳሜ አጅማን ስንደርስ ባባ ጁማና ትልቁ ልጃቸው አዳራሹ ውስጥ ተቀምጠው ጠበቁን። አባቴ እንደ ወትሮው አልሄደም፤ በር ላይ ቀረ። ባባ ጁማ ተነሥተው የአብዬን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙት።

«አያሌው፣ ዓይንህ ታሞ ለምን አልነገርከኝም? እኔ ወንድምህ አይደለሁም?»

አብዬ ራሱን ወደ ቀኝ እንዳዘነበለ ቀረ። «ሙሽኪላ የለም፣ ችግር የለም፣ ባባ። እጄ ያያል» አለ።

ልጅየው አንዱን ካርድ አንሥቶ ወደ እኔ ዞረ። «ይህን ቁጥር ያነበብሽው አንቺ ነሽ?» አለኝ በእንግሊዝኛ። ራሴን ነቀነቅሁ። «ይህንንስ?» ነቀነቅሁ። ለአባቱ በዓረብኛ አንድ ነገር ተናገረ፤ እንግዳ ፊት በሕፃን ቃል አናፍርም የሚል ነገር ነው። ከዚያ መቀስ አመጣና ክሩን እየቆረጠ ካርዶቹን ካርቶን ውስጥ መጣል ጀመረ። አንድ፣ ሁለት፣ ሠላሳ አንድ። እኔ አሳምሮ ሊያስጽፋቸው የሚሰበስባቸው መስሎኝ ከወደቀበት ሁለቱን አንሥቼ አቀበልኩት። አመሰገነኝ።

«ኸላስ፣ አያሌው» አሉ ባባ ጁማ፤ ዓይናቸው እርጥብ ነበር። «ደክመሃል። ወደ አገርህ፣ ባሕር ዳር ወዳለው ልጅህ ሂድ። ትኬቱ በእኔ ነው። ዋላሂ፣ ምንም ነገር አይጎድልብህም።» አብዬ ስለ ዘጠኙ ጠየቃቸው። ባባ ጁማ መሬት መሬት አዩ።

ትኬት የሚለውን ስሰማ ልቤ ዘለለ። የሚልኩት ለሕክምና ነው ብዬ አሰብኩ። ጸሎቱ በአንድ ቀን ደረሰ! መኪና ውስጥ ከኋላ ተቀምጬ ደስታዬ ሊፈነዳ ደርሶ «አብዬ፣ ታውቃለህ ማን…» ብዬ ስጀምር አባቴ በመስታወቱ ውስጥ አየኝ። አባቴ እንደዚያ አይቶኝ አያውቅም። አፌን ዘጋሁ። ያን ጊዜ ያላስቸገረኝ ዝምታ ኋላ ጥርስ አወጣ።

ቤት ስንደርስ አብዬ ሶፋው ላይ ተቀመጠ፤ ጫማውን አላወለቀም። ውሃ አምጪልኝ አለኝ። ብርጭቆውን ይዤ ስመለስ አባቴን አቁሞ ያናግረዋል።

«ይህን ነገር የምናውቀው ሦስት ነን» አለው። «ልጅቷ ሕፃን ናት፤ ብትናገርም ለማን ትናገራለች? አንተ ነህ?»

አባቴ ወደ እኔ አልዞረም። ቢዞር ኖሮ እንደሚያሳብቅብኝ ያውቅ ነበር። ግድግዳው ላይ ያለውን የአየር መንገድ ካሌንደር እያየ «አዎ፣ ጋሼ። እኔ ነኝ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ለጸሎት ብዬ ነው» አለ።

«ለጸሎት!» አለ አብዬ። አልጮኸም። «አባታችን ሲሞት በጀርባዬ አዝዬህ ነው ቀብሩ ላይ የቆምኩት። አንዲት ነገር አደራ ብዬህ፣ አንዲት… ለዚያ ሁሉ ሰው ዘረገፍከው?»

አባቴ ይቅርታ እንኳ በትክክል መጠየቅ አልቻለም፤ ያላደረገውን ነገር ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው መሰለኝ። እኔ ብርጭቆውን እንደያዝኩ ቆሜ ነበር። ሕክምና እንዳልሆነ፣ ካርዶቹ እንደማይመለሱ፣ አብዬ እንደሚሄድ፣ ይህን ሁሉ ያደረግሁት እኔ እንደሆንኩ እዚያው ቆሜ ገባኝ። ልጅ እያለሁ አንድ ነገር እንዲያ ባንድ ጊዜ ገብቶኝ አያውቅም። «እኔ ነኝ» ማለት ሁለት ቃል ነው። ውሃውን ሰጠሁት። ጠጣ። «ተባረኪ» አለኝ።

ከዚያ አሥራ ሁለት ቀን ቆየ። ከአባቴ ጋር አንድ ማዕድ ላይ አልተቀመጠም። አባቴ ሰላም ሲለው ይመልሳል፤ ሌላ ቃል አይጨምርም። እናቴ ነገሩ ሳይገባት በመሃላቸው ትላወሳለች፤ አባቴ ለእሷም አልተናገረም። እኔ አሥራ ሁለት ቀን ነበረኝ። ያልተናገርኩት አባቴ ስለከለከለኝ ነው አልልም፤ ያ ሰበብ ለመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ብቻ ይሠራል። እውነቱን ልናገር። አብዬ ሆዱ ከወንድሙ ሲሸሽ ፍቅሩን ሁሉ ወደ እኔ አዞረው። ከትምህርት ቤት ስመለስ በር ላይ ይጠብቀኛል። መጋረጃው ውስጥ አስገብቶ ብሎን በግራ እጄ፣ ብሎን በቀኝ እጄ እያስያዘ «ዓይንሽን ጨፍኚ፤ የትኛዋ ናት ሙሽራዋ?» ይለኛል። ሳገኛት ግንባሬን ይስመኛል። ወደድኩት። ያን ፍቅር አጣዋለሁ ብዬ ዝም አልኩ። ከሺህ ብሎን ውስጥ ባዕዷን በጥፍሩ የሚለይ ሰው ከጎኑ የተቀመጠችውን አጥፊ አልለያትም፤ እኔም ይህን እያወቅሁ ጉልበቱ ላይ ተደግፌ ብሎን ስለይ ከረምኩ።

ከዚያ በኋላ አብዬን አላየሁትም። ባሕር ዳር በልጁ ቤት በሦስተኛው ዓመት ሞተ፤ በመጨረሻው ምንም አያይም ነበር አሉ። አባቴ በየበዓሉ ይደውልለት ነበር። አብዬ «ፌቨን አለች? ፌቨንን ስጡኝ» ይላል፤ አባቴም ስልኩን ያቀብለኛል። ዛሬም አባቴና እኔ ስለዚህ ነገር አንድ ቀን አውርተን አናውቅም።

የሄደበት ቀን ጠዋት አባቴ መኪናውን አዘጋጅቶ ቁልፉን ይዞ ቆሞ ነበር። አብዬ «አይ፣ በታክሲ ነው የምሄደው» አለ። አባቴ ሻንጣውን ተሸክሞ አብሮን ወረደ። ሕንፃው በር ላይ ታክሲው ሲጠብቅ አብዬ ጎንበስ ብሎ ፊቴን በሁለት እጁ ያዘው። በደንብ ስለማያየኝ በአውራ ጣቱ ቅንድቤን፣ አፍንጫዬን፣ አገጬን ዳሰሰ።

«ከዚህ ቤት ያልከዳሽኝ አንቺ ብቻ ነሽ» አለኝ።

ከትከሻው ወዲያ አባቴ ይታየኛል። ሁሉንም ሰምቷል። ራሱን በጣም በትንሹ፣ ግራና ቀኝ ነቀነቀልኝ፤ አትናገሪ ማለቱ ነው።

አባቴ ሻንጣውን ታክሲው ውስጥ አስገባለት፤ በሩንም ያዘለት። አብዬ እጁን ዘርግቶ የበሩን ጠርዝ ሲፈልግ የወንድሙን እጅ አገኘና ወዲያው ለቀቀው። «እግዜር ይስጥልኝ» አለው፤ ለማያውቀው ሰው እንደሚባለው። አባቴ በሩን ቀስ አድርጎ ዘጋው። ታክሲው ተነሣ፤ እኔም እጄን አውለበለብኩ።